ዘርን አንቅቶ ስለ መዝራት

ገበሬ በዓመት ውስጥ የማይሠራው ሥራ የለም፤ ያርሳል፥ ያለሰልሳል፥ ይዘራል፥ ያርማል፥ ከወፍና ከከብት ይጠብቃል፥ ያጭዳል፥ ይወቃል። ይሁን እንጂ የዓመት ልፋቱ ዕጣ የሚወጣባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም ዘሩ ከእጁ ወጥቶ አፈር ከለበሰበት ቀን ጀምሮ ቡቃያው ብቅ እስኪል ድረስ ያሉት ናቸው። በእነዚያ ቀናት ማረሻም ሆነ ዶማ አይረዳም፤ ገበሬው ማሳው ዳር ቆሞ ከመጠበቅ በቀር የሚያደርገው የለም። የዘሩትን ያጭዱታል የተባለው እውነት የሚሆነው መጀመሪያ የተዘራው የበቀለ እንደ ሆነ ነው።

በዚህ ዓመት በመጽሔታችን ላይ እንድጽፍ ዕድል በተሰጠኝ ጊዜ ስለ ብዙ ነገር አሰብሁ፤ በመጨረሻ ግን ስለ ዘር ልጽፍ ወደድሁ። የምጽፈውም ዘርን ከመዝራት በፊት በውኃ ዘፍዝፎ ስለ ማንቃት፥ በተለይም ይህ ዘዴ ለሽምብራና ለሌሎቹ ጥራጥሬዎች ስለሚሰጠው ጥቅም ነው። ነገሩ ለአንዳንዱ ሰው ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል ሰኞ ጧት ስንቃችንን ተሸክመን ከገጠር የምንመጣ፥ በኪራይ ቤት የምንሰነብት፥ ዓርብ ማታም ወደ ወላጆቻችን የምንመለስ ብዙዎች ነን። እኛ ደብተራችንንና ጫማችንን ያገኘነው ከጤፍና ከሽምብራ መሆኑን መቸም አንረሳውም።

የወላጆቼ መሬት የሚገኘው በምንጃር ነው። ምንጃርን የሚያውቅ ሰው ጤፉንና ሽምብራውን ያውቃል፤ የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የነጭ ሽምብራ ዝርያዎች አንዱ እንኳ በወረዳችን ከተማ ስም «አረርቲ» ተብሎ ይጠራል። ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ሽምብራን በብዛት የምታመርተው ኢትዮጵያ ናት። ሽምብራ በጾም ሽሮ፥ በገበያ ገንዘብ፥ በመሬት ላይ ደግሞ ጤፍ የደከመውን አፈር የሚያሳርፍ እህል ነው።

የሽምብራ አዘራር ግን እንደ ሌላው እህል አይደለም። ሌላው እህል ዝናቡን ተቀብሎ ያድጋል፤ ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሊወጣ ሲል፥ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ነው። ምክንያቱም የአገራችን ጥቁር መረሬ መሬት ሸክላነቱ ብዙ ስለሆነ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፥ ውኃውንም ቶሎ አያሳልፍም፤ ሽምብራ ደግሞ ሥሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም አይወድም። ስለዚህ ገበሬው ማሳው እስኪጠፈፍ ድረስ ይጠብቃል። ማሳው በተጠፈፈ ጊዜ ግን ዝናቡ ይቆማል፥ ፀሐይዋ ትበረታለች፥ የላዩ አፈር ከቀን ወደ ቀን እየደረቀ ይሄዳል፥ ኋላም ይሰነጠቃል። ሽምብራ ከተዘራ ጀምሮ እስኪታጨድ የሚኖረው በአብዛኛው ክረምቱ በአፈሩ ውስጥ አስቀምጦለት በሄደው እርጥበት ነው። እርጥበቱ ወደ ታች ይሸሻል፤ ሥሩም ይከተለዋል። ቀድሞ የበቀለ ይደርስበታል፤ ዘግይቶ የበቀለ ሲከተለው ይኖራል እንጂ አይደርስበትም።

ይህ ነገር በቤታችን ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤል ኒኞ በተባለው የውቅያኖስ መሞቅ የተነሣ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች ዝናቡ ሳይበቃ ቀረ። እኔ ያን ጊዜ የ8 ዓመት ልጅ ነበርሁ። አባቴ የዘራው ሽምብራ እዚህም እዚያም ተበታትኖ በቀለ፤ በመካከሉ እንደ ራሰ በራ ሰው ራስ ባዶ የሆነ ቦታ ብዙ ነበረ። እናቴ አፈሩን በጣቷ ጫር ጫር አድርጋ ከተዘራው ፍሬ ጥቂቱን አወጣችና አሳየችኝ፤ አልበቀለም፥ አልበሰበሰምም፤ ግማሽ ጠጥቶ የቀረ ነበር። በተከታዩ ዓመት የምንዘራው ስላልነበረን አባቴ ከጎረቤት ዘር ተበደረ፤ ብድሩንም ለመክፈል ከሁለቱ በሬዎቻችን አንደኛውን ሸጠ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይባላል፤ እኛ ግን ቸግሮን ነው። ከዚያ በኋላ አባቴ ሁለት ዓመት ሙሉ በመቀናጆ አረሰ። በመቀናጆ የሚያርስ ሰው ማሳው የሚደርሰው የባልንጀራው ማሳ ካለቀ በኋላ ስለሆነ፥ ዘሩም ሁልጊዜ ይዘገያል። አንድ ያልበቀለ ዘር ሦስት ዓመት ተከተለን ማለት ነው።

ስለዚህም ነው ባለፈው ዓመት መምህራችን ስለ ዘር አበቃቀል ሲያስተምሩን ከሌላው ትምህርት ይልቅ ልቤ ወደዚያ የሄደው። ያስተማሩንና ከዚያም በኋላ በቤተ መጻሕፍታችን አንብቤ የተረዳሁት በአጭሩ ይህ ነው።

ደረቅ ዘር የሞተ አይደለም፤ የተኛ ነው። በጎታ የደረቀ ሽምብራ ከክብደቱ ውስጥ ውኃው ከመቶ 10 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ በዚህ በጥቂት ውኃ ሕይወት ትቆያለች እንጂ ሥራ አትሠራም። ዘሩ ውኃ ባገኘ ጊዜ በሦስት ደረጃዎች ያልፋል። በመጀመሪያው ደረጃ ውኃውን በፍጥነት ይስበዋል፤ ይህንንስ የሞተ ዘርም ያደርገዋል። በሁለተኛው ደረጃ መሳቡ ጋብ ይላል፤ ከውጭ ለሚያየው ሰው ዘሩ ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስላል። ትልቁ ሥራ የሚሠራው ግን በዚህ ጊዜ ነው። ኤንዛይሞች ይነቃሉ፤ ሽሉ የሚመገበው ምግብ መዘጋጀት ይጀምራል፤ በጎታ ብዙ የቆየው ዘር በውስጡ የተበላሸውን፥ ዲ ኤን ኤውን ጭምር፥ ይጠግናል። በሦስተኛው ደረጃ የመጀመሪያዋ ሥር ቅርፊቱን ቀድዳ ትወጣለች፤ ውኃ መሳቡም እንደ ገና ይጀምራል። ሥር ካወጣ በኋላ ዘሩ ቢደርቅ ይሞታል። በሁለተኛው ደረጃ ላይ ሳለ ቢደርቅ ግን አይሞትም፤ ያደረገውንም ዝግጅት አይረሳውም።

ዘርን ማንቃት ማለት እንግዲህ ዘሩን በቤት ውስጥ እስከ ሁለተኛው ደረጃ አድርሶ፥ ሥር ሳያወጣ ከውኃው አንሥቶ ላዩን አጠፍፎ መዝራት ነው። ዘሩ በአፈር ውስጥ ቀናት የሚፈጅበትን የመጀመሪያውን ጕዞ በአንድ ሌሊት በባልዲ ውስጥ ይጨርሰዋል፤ መሬት ሲገባ የሚቀረው ሥር ማውጣት ብቻ ይሆናል። ማዳበሪያ አልተጨመረበትም፥ መድኀኒት አልነካውም፤ የተጨመረለት ቢኖር ጊዜ ነው።

ይህን በተማርሁበት ሳምንት ወደ ቤት ስመለስ አያቴ ለጾም በቆልት ታዘጋጅ ነበር። ባቄላውን ማታ ትዘፈዝፋለች፤ ጧት ውኃውን ደፍታ በጨርቅ ትሸፍነዋለች፤ ከዚያም ሲያጎነቁል ታበስለዋለች። «እምዬ፥ መድረሱን በምን ታውቂያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ልጄ፥ መጀመሪያ ቅርፊቱ ይጨማደዳል፤ ገና ነው። ከዚያ ጠግቦ ይወጠራል፤ አሁንም ገና ነው። አፍንጫው ሲያብጥ ቀርቧል፤ ጭራ ሲያወጣ ሆነልህ» አለችኝ። መምህራችን በሰሌዳ ላይ የጻፉልንን ሦስት ደረጃዎች አያቴ ከባቄላው ፊት ላይ ታነብባቸው ኖሯል። ልዩነቱ እርሷ ለምግብ ጭራውን ትጠብቃለች፤ ለዘር የሚፈልግ ግን ጠግቦ በተወጠረበት ሰዓት ያነሣዋል።

ይህ አሳብ ለዓለምም አዲስ አይደለም። ቴዎፍራስጦስ የተባለው የግሪክ ሊቅ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን፥ የኪያር ዘር በውኃ ወይም በወተት ተዘፍዝፎ ቢዘራ ፈጥኖ እንደሚበቅል ጽፎ ነበር። በዘመናችን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሄይዴከር የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ፥ ፖሊኢትሊን ግላይኮል የተባለ ነገር በውኃ ውስጥ ሟሙቶ ዘሩ ውኃውን በልክ ብቻ እንዲጠጣ፥ ሥር ለማውጣት ግን እንዳይበቃው ለማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። ይህ ለአትክልት ዘር ሻጮች ጠቀመ። ለድኻ ገበሬ ግን እንዲህ ያለው ነገር አይገኝም፤ ተራ ውኃና ሰዓት ብቻ የሚጠይቀው መንገድ በገበሬዎች ማሳ ላይ በሰፊው የተፈተነው በ1990ዎቹ የአውሮፓ ዓመታት ነው። በዌልስ የባንጎር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዴቭ ሃሪስና ባልደረቦቹ ከሕንድ ገበሬዎች ጋር በበቆሎ፥ በሩዝና በሽምብራ ላይ ሞከሩት።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ከባንግላዴሽ የመጣው ነገር ነው። በዚያ አገር ባሪንድ በሚባለው ከፍተኛ ሜዳ ገበሬዎች በዝናብ ወራት ሩዝ ይዘራሉ፤ ሩዙ ከታጨደ በኋላ መሬቱ በፍጥነት ስለሚደርቅ ብዙው ማሳ ጾሙን ያድር ነበር። ከሩዙ በኋላ ሽምብራ በዚያች በቀረችው እርጥበት ይዘራ ዘንድ ሲታሰብ፥ አልበቅል ማለቱ አስቸገረ። ይህ የኛው የመስከረም ችግር አይደለምን? ገበሬዎቹ ሽምብራውን ሌሊቱን ዘፍዝፈው፥ ጧት አጠፍፈው፥ በዚያው ቀን ዘሩት፤ ባልተዘፈዘፈውም ጎን ለጎን አስተያዩት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1998 እና በ1999 መካከል በነበረው ወቅት የተዘፈዘፈው ከመቶ 47 እጅ፥ በተከታዩ ወቅት ከመቶ 20 እጅ ብልጫ ያለው ምርት በአማካይ ሰጠ። በሁለቱ ዓመታት መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉ፤ ጥቅሙ እንደ ዓመቱና እንደ እርጥበቱ ይለያያል እንጂ በማኅተም የተረጋገጠ ቁጥር የለውም።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ነገርሁት። አባቴ አድምጦ ከጨረሰ በኋላ ጥቂት ዝም አለና እንዲህ አለኝ፤ «ልጄ፥ ደረቅ ዘር መሬት ባይቀበለው እንኳ ዝናብ ይጠብቃል። አንተ ያነቃኸው ግን ማንን ይጠብቃል? ነቅቶ ውኃ ቢያጣ ይሞታል። ዘሩ ደግሞ የኔ ብቻ አይደለም፤ የእናትህም የእኅቶችህም ነው።»

ይህ ቃል ከግትርነት የመጣ አልነበረም። በሬውን የሸጠ ሰው ቃል ነበረ። እኔም ክርክር ትቼ ጥያቄውን ራሱን ለመፈተን ቆረጥሁ። 20 ፍሬ ሽምብራ ለ8 ሰዓት ዘፈዘፍሁ፤ ሌላ 20 ፍሬ ደግሞ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሙሉ ዘፈዘፍሁ። ሁለቱንም ካጠፈፍሁ በኋላ በሁለት ሳሕን አድርጌ ያለ ውኃ አስቀመጥኋቸው። 24 ሰዓት ከተዘፈዘፉት መካከል አንዳንዶቹ ሌላ ውኃ ሳይጨመርላቸው ጭራ አወጡ፤ ከዚያም ደርቀው ጠወለጉ። 8 ሰዓት የተዘፈዘፉት ግን አንዳቸውም ጭራ አላወጡም፤ ተመልሰው ደረቁ። በአራተኛው ቀን እነዚህን በእርጥብ ጨርቅ ብጠቀልላቸው በቀሉ። ሳሕኑን ይዤ ለአባቴ አሳየሁት። ተመራማሪዎቹ «የደኅንነት ወሰን» የሚሉት ይህን ነው፤ ከወሰኑ ያላለፈ ዘር መሬት ገብቶ ከአፈሩ እርጥበት ካላገኘ በስተቀር በራሱ አይበቅልም። እንግዲህ የነቃውም ዘር ቢሆን መጠበቅ ይችላል፤ ልኩን አልፎ የተዘፈዘፈው ነው የማይችለው። ለሽምብራ ልኩ 8 ሰዓት፥ ማለት አንድ ሌሊት ነው።

አባቴ ሳሕኑን አገላብጦ አየና ከማሳው ዳር አንዲት ቀጭን መሬት ሰጠኝ። መሬቷ ከላይ ወደ ታች ትንሽ ታዘቀዝቃለች። እኔም ወደ ጎን ሳይሆን በርዝመቷ ለሁለት ከፈልኋት፤ ሁለቱም ወገኖች ከደረቁም ከረግረጉም እኩል እንዲደርሳቸው ነው። ከአንድ ጆንያ አንድ ጣሳ ለዚህ፥ አንድ ጣሳ ለዚያ ሰፈርሁ። የሰፈርሁትም ሳይዘፈዘፍ በደረቁ ነው፤ ውኃ የጠጣ ሽምብራ ስለሚፋፋ፥ ከተዘፈዘፈ በኋላ በእፍኝ የሚዘራ ሰው ሳያውቀው ዘሩን ያሳንሳልና። ከምሽቱ 3 ሰዓት ዘፈዘፍሁ፥ ከንጋቱ 11 ሰዓት አወጣሁ፥ በሰሌን ላይ በጥላ ዘርግቼ ከእጅ የማይጣበቅ እስኪሆን አጠፈፍሁ፤ ፀሐይ ሳይበረታም አባቴ ሁለቱንም ዘርቶ በማረሻ መለሰበት። ይህ የሆነው በ2017 ዓ.ም. በመስከረም ወር ነው።

የነቃው በ6ኛው ቀን ብቅ ማለት ጀመረ፤ ያልነቃው በ9ኛው ቀን። ነገር ግን ዓርብ ዓርብ እየመጣሁ ስመለከት ከቀኑ ይልቅ የገረመኝ አበቃቀሉ ነው፤ የነቃው ባንድ ላይ ተነሥቶ መሬቱን ሸፈነ፤ ያልነቃው አንዱ ሲያድግ ሌላው ገና ይወጣ ነበር። ቀድሞ መሬት የሸፈነ ሰብል አረምን ይቀድማል፤ እናቴም በነቃው በኩል ያረመችው አንሶ እንደ ነበር ነግራኛለች።

ሁሉም ነገር ግን ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። በወሩ መጨረሻ አንድ ከባድ ዝናብ ወረደና የማሳው የታችኛው ጫፍ ሦስት ቀን ውኃ ተኛበት። በዚያ በኩል የነቃውም ያልነቃውም እኩል ቢጫ ሆነ፥ እኩልም ቀጨጨ። ጓይ ትልም በመጣ ጊዜ የትኛው የተዘፈዘፈ እንደሆነ አልጠየቀም። ዘር ማንቃት ዘሩን ቀድሞ ያስነሣዋል እንጂ ውኃ ከተኛበት መሬት አያወጣውም፥ ከትልም አያድነውም።

በጥር ወር አጭደን ለየብቻ ወቃን። ከነቃው 11 ጣሳ፥ ካልነቃው 9 ጣሳ ተገኘ። አባቴ አላመነም፤ ጣሳውን ከእጄ ወስዶ ሁለቱንም እንደገና ራሱ ሰፈረ፤ ያው ሆነ። አላመሰገነኝም፤ አባቴ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ምስጋና አያበዛም። ነገር ግን ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ፥ «በሚመጣው መስከረም ግማሹን ታነቃዋለህ፤ ግማሹን እኔ በደረቁ እዘራለሁ። አንዱ ቢቀር ሌላው ዘር ይመልሳል» አለ። እኔ ከዚህ የበለጠ ብልህ ፍርድ አልሰማሁም። ሁለት ጣሳ ብልጫ በአንዲት ቀጭን መሬት ላይ በአንድ ዓመት የተገኘ ነው፤ ማስረጃ ለመሆን ገና ብዙ መሬትና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። አባቴ ያለው ግማሽ በግማሽ ግን ቤተሰቡን ከአደጋ ይጠብቃል፤ በዚያውም ላይ ትልቅ ማስተያያ ይሆናል።

አሁን ስለ ጥራጥሬ ልዩ ጠባይ ጥቂት ልጨምር። ጥራጥሬ ከሌላው እህል የሚለየው በሥሩ ላይ በሚወጡት ትንንሽ እባጮች ነው። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን ሲሆን፥ ተክል ግን እንዲሁ ሊወስደው አይችልም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1886 ዓ.ም. ሄልሪገል የተባለው ጀርመናዊ ጥራጥሬዎች ከእባጮቹ የተነሣ የአየሩን ናይትሮጅን እንደሚጠቀሙ ገለጠ፤ በ1888 ዓ.ም. ደግሞ ሆላንዳዊው ቤይሪንክ በእባጮቹ ውስጥ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ለይቶ አወጣ። ሽምብራን ነቅሎ እባጩን በጥፍር የሰነጠቀ ሰው ውስጡ ቀይ ሐምራዊ ሆኖ ቢያገኘው ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ቢሆን ሥራ ፈቷል። ቶሎ የበቀለ ሽምብራ ቶሎ ሥር ስለሚሰድድ፥ እባጭ የሚያወጣበት ጊዜ ያገኛል። የባክቴሪያ ማዳበሪያ ያገኘ ገበሬም ዘሩን ካነቃና ካጠፈፈ በኋላ በጥላ ሥር ቀብቶ ወዲያው ሊዘራው ይችላል፤ ፀሐይ ባክቴሪያውን ይገድለዋልና።

በባንግላዴሽ ተመራማሪዎቹ በመዘፍዘፊያው ውኃ በአንድ ሊትር ግማሽ ግራም ሶዲየም ሞሊብዴት የተባለ ጨው ከባክቴሪያው ጋር ጨምረው ምርቱን ከፍ እንዳደረጉት አንብቤአለሁ። ባክቴሪያው ናይትሮጅኑን ለመለወጥ ሞሊብዴነም ያስፈልገዋልና። ነገር ግን ይህን አይቶ ጨው ፍለጋ መሮጥ አይገባም። የባሪንድ አፈር ላዩ ኮምጣጣ ስለሆነ ሞሊብዴነሙ ለተክሉ አይገኝለትም፤ የእኛ ጥቁር መረሬ እንደዚያ ኮምጣጣ አይደለም። የሌላውን አገር ብልኀት ስንወስድ ምክንያቱንም አብረን መውሰድ አለብን።

እንግዲህ መሞከር ለሚወድ ሰው አደራረጉን ባጭሩ ላስታውስ። ታናሽ እኅቴንም ያስተማርኋት ይህንኑ ነው፤ እኔ በሚመጣው መስከረም ቤት ላልኖር ስለምችል፥ ሰዓቱን ቆጥራ ዘሩን ከውኃ የምታወጣው እርሷ ናት።

መጀመሪያ ዘሩን መልቀም ያስፈልጋል፤ ቅርፊቱ የተሰነጠቀ ወይም የተፈነከተ ፍሬ ውኃውን ከልክ በላይ በፍጥነት ስለሚጠጣ የውስጡ ስስ ሽፋን ይቀደዳል፥ ስኳሩም ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ያን ጊዜ ሻጋታ ይጠራዋል። አባቴ «እርጥብ ዘር ይሻግታል» ማለቱ በእንዲህ ዓይነቱ ዘር እውነት ነው። ሁለተኛ፥ ዘሩ ፀረ ተባይ ወይም ፀረ ሻጋታ መድኀኒት የተቀባ እንደሆነ አይዘፈዘፍም፤ ውኃው መርዝ ይሆናልና። ሦስተኛ፥ ዘሩ ደረቅ ሳለ ይሰፈር፤ የሚዘፈዘፈውም በንጹሕ ውኃ ነው፤ ሽምብራ ጠጥቶ ሲጠግብ ክብደቱ ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ ውኃው ተርፎ እንዲሸፍነው ሆኖ ይጨመር። አራተኛ፥ ከ8 ሰዓት አይለፍ። አምስተኛ፥ በጥላ ተጠፍፎ በዚያው ቀን ይዘራ። መሬቱ ውኃ ተኝቶበት ከሆነ ግን መዘፍዘፉ ይቅር፤ መጀመሪያ ማሳው ይጠፈፍ። ይህ የሽምብራ ልክ ለሁሉ አይሆንም፤ አኩሪ አተርና ቦሎቄ በውኃ ውስጥ ብዙ ሲቆዩ ስለሚጎዱ፥ ሰውየው በጥቂት ፍሬ በሳሕን ሳይፈትን ዘሩን ሁሉ ውኃ ውስጥ አይክተት። ካያያዝ ይቀደዳል እንደሚባለው፥ መልካሙን ነገር የሚያበላሸው አያያዙ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት አንዳንድ ነገር ይዘው ሲመጡ አባቴ እንዳደረገው አድርጉ፤ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፥ ዝም ብላችሁም አትጣሉ፤ ከባዱን ጥያቄ ጠይቃችሁ አንዲት ቀጭን መሬት ስጡአቸው። መምህራኖቻችንም በዓመቱ መጀመሪያ፥ ገና የመዝሪያው ጊዜ ሳያልፍ፥ ስለ ዘር አበቃቀል ቢያስተምሩን ደብተሩና ማሳው በአንድ ወር ይገናኙ ነበር።

ጓደኞቼ ሆይ፥ እናንተን የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። አንዳችን መረሬ መሬት አለን፤ አንዳችን ቀይ አፈር፤ አንዳችን የምስር፥ አንዳችን የአተር ወይም የጓያ ማሳ አለን። እያንዳንዳችን በመጪው መዝሪያ አንድ ጣሳ አንቅተን፥ አንድ ጣሳ በደረቁ ጎን ለጎን ብንዘራ፥ የበቀለበትን ቀንና የተሰፈረውን ምርት ጽፈን ብናመጣ፥ በሚቀጥለው ዓመት በዚህ መጽሔት ላይ የአንድ ልጅ ሁለት ጣሳ ብልጫ ሳይሆን የብዙ ማሳ ቃል ይጻፋል። ያልበለጠለትም ሰው ያልበለጠውን ቁጥር ይዞ ይምጣ፤ የት እንደማይጠቅም ማወቅም ዘር ያድናልና።